ከጆንያው መሃል የምትወስድ ሴት

ስለ ፀሐይወርቅ የሚወዷት ሰዎች ቢያወሩላችሁ ስኳር ያበዙባታል። ስለዚህ ከእኔ ስሙ፤ እኔ አልወዳትም። ቀንቼባታለሁ፤ አሁንም እቀናባታለሁ። ዘነበ እባላለሁ። ዲላ ገበያ ዳር የስፌት መኪናዬን ይዤ ከተቀመጥኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሚታየው ዩኒፎርም ግማሹን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የዚያው ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሰብሳቢም ነበርኩ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ። «ነበርኩ» ስል ዛሬም ጥርሴ ይፋጫል።

ሰብሳቢ ሆኜ የሠራሁትን ማንም አይክደኝም። የቆርቆሮውን አጥር በብሎኬት አስቀየርኩ። በሩን ሰማያዊ አስቀባሁት፤ የትምህርት ቤቱ ስም በትልቁ ተጽፎበታል፤ ከዋናው መንገድ ባጃጅ ውስጥ ሆናችሁ ታነቡታላችሁ። ጠዋት ልጆቹ ሲሰለፉ ዩኒፎርማቸው አንድ ዓይነት እንዲሆን አደረግሁ። አዎ፣ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ግን ለዚያ አልነበረም፤ ቢያንስ ለዚያ ብቻ አልነበረም። አዲሶቹ መጻሕፍት እንዳይቀደዱ ዕቃ ቤት ገብተው እንዲቆለፍባቸው ያሳሰብኩትም እኔ ነኝ። ለየክፍሉ አራት አራት ይሰጣል፤ የቀረውን መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ተቆጣጣሪ መጥቶ ዕቃ ቤቱን ስንከፍትለት መጻሕፍቱ ገና ከማተሚያ ቤት የወጡ ይመስሉ ነበር። ተጨበጨበልኝ።

ልጄ ሩሃማ እዚያው አራተኛ ክፍል ናት። ደብተሯን ብታዩት! ፊደሎቿ በሜትር የተለኩ ይመስላሉ፤ ከገጽ ገጽ ቀይ ራይት ብቻ ነው። ደንበኛ ሊለካ ሲመጣ ደብተሯን ከመሳቢያ አውጥቼ ሳላሳየው አልለቀውም። ሰዉም በዚያው «ጋሽ ዘነበ፣ ልጄን የት ትምህርት ቤት ላስገባው?» ይለኛል። እኔም ትከሻውን እየለካሁ እመክረዋለሁ። ያ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚጣፍጠኝ የገባኝ ከእጄ ሲወጣ ነው።

የወሰደችብኝ ፀሐይወርቅ ናት። የተወለደችው ኢዲዶ የምትባል የቡና ገጠር ነው። ሁለተኛ ክፍል ሳለች የቡናው ወራት ደረሰና እሸት ለቀማ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ደብተር አልያዘችም። ቡና የሚሰጣበት ማድረቂያ አልጋ ላይ አጎንብሳ የተበላሸውን ፍሬ ስትለይ አደገች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሽመክት የሚባል ባል አገባችና አብረው ዲላ ወረዱ። ሽመክት የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ወደ ሞያሌ ሄደ። ሁለት ጊዜ መልእክት ላከ፤ ሦስተኛው አልመጣም። ሰው ፊት አላለቀሰችም። ልጇን ሉሲን አዝላ ቡና መጋዘን ገባች፤ ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ተደርድራ ቡና ትለቅም ጀመር።

ናሙና መውሰጃው ብረት የተሰጣት እዚያ ነው። ጆንያውን ወግቶ ከመሃሉ ፍሬ የሚያወጣ የሾለ ብረት አለ፤ ቡና ሲገባ ናሙና የሚወሰደው በእሱ ነው። እዚያ መጋዘን ብረቱን ሴት ይዛው አታውቅም። ፀሐይወርቅ ግን ከጆንያው ጭብጥ አድርጋ እያየች «ይሄ ሁለት ዓይነት ቡና ነው» ትላለች፤ ጆንያው ይዘረገፋል፤ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። በመጨረሻ ባለመጋዘኑ ብረቱን ለእሷ ሰጣት። «የጆንያ አፍ ሁሉም ያሳምራል» ትላለች እስከ ዛሬ። ሰፈሩ ይህችን አባባሏን እንዴት እንደወደዳት! እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ስናገር አንዲቷን እንኳ የያዘልኝ የለም።

ሉሲ አምስተኛ ክፍል ደርሳ ከሃምሳ ስምንት ልጅ ሰባተኛ ወጣች። ፀሐይወርቅም ሰርተፊኬቱን በላስቲክ ለብጣ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። በዚያው ሰሞን የፀሐይወርቅ እናት ታመው፣ የመድኃኒቱ አወሳሰድ የተጻፈበት ወረቀት ከጤና ጣቢያ ተሰጣቸው። ሉሲ እንድታነበው ተቀበለች። አገላብጣ አየችውና «እማ፣ የዶክተር ጽሑፍ ነው፣ አይነበብም» አለች። ወረቀቱ በኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ ነበር።

በማግስቱ ፀሐይወርቅ ሰርተፊኬቱን ከነላስቲኩ ይዛ ሱቄ መጣች።

«ጋሽ ዘነበ፣ ይሄ ወረቀት ውሸታም ነች።»

አማርኛዋ እንዲህ ነው፤ ወንድና ሴት ይቀያየርባታል። ሐሳቧ ግን ተቀያይሮ አያውቅም።

«ሰርተፊኬት እንዴት ይዋሻል?» አልኳት።

«ሰባተኛ ትላለች። ማንበብ ግን የለም። ሰባተኛው እንዲህ ከሆነች ሠላሳኛው እንዴት ትሆናለች?»

«መምህራኑ እኮ ዲፕሎማ አላቸው። አጥሩን አላየሽም? በሩንስ?»

«በሩ ቆንጆ ነው፣ ጌታ ይባርክህ። እኔ ግን ልጄን የላክሁት በር እንድታይ አይደለም።»

ሳቅሁባት። ስትሄድም ለደንበኛዬ «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» አልኩት። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ስለ ንባብ ልታስተምረኝ!

ሴትዮዋ ግን መላ ነበራት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃፏ ላይ የሉሲን ጓደኞች ትሰበስባለች። ከመሃላቸው ሁለት ትመርጥና አንዱን ልጅ ራቅ አድርጋ፣ ለሌላው መጽሐፉን ከፍታ «ይሄን አንብብልኝ» ትላለች። ልጁ ሥዕል አይቶ እንዳይገምት ሥዕሉን በመዳፏ ትሸፍነዋለች። ቀጥላ ሁለተኛውን ጠርታ ያንኑ ገጽ ታስነብበዋለች። ሁለቱ የሚሉት አንድ ከሆነ አንብበዋል። ከተለያየ ማንበብ የሚችል ሰው ጠርታ «የቱ ነው ልክ?» ትላለች። «ሁለት ሰው ካልተማከረ አንድ ዓይነት ውሸት አይዋሽም» ነው የምትለው። እንግዲህ ይህን የምታደርገው አንዲት ፊደል የማትለይ ሴት ናት። እኔ ማንበብ እየቻልኩ፣ ስድስት ዓመት ሰብሳቢ ሆኜ፣ አንድም ልጅ አስነብቤ አላውቅም ነበር።

ወሬው ዳይሬክተሩ ዘንድ ደረሰ። ሰውየው ያባርራታል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ክፍል ገብታ እንድታስነብብ ፈቀደላት፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሌላ አንድ ወላጅ ጋር። ክፍል ስትገባ ልጆቹን የምትመርጠው ከመሃለኛው ረድፍ፣ ከመሃለኛው ዴስክ ነው። «ፊት የሚቀመጠው ጎበዝና የትልቅ ሰው ልጅ ነው፤ ኋላ ያለው ረባሽ ነው፤ ትምህርት ቤቱ መሃል ላይ ናት» ትላለች። የልጁን ስም ደግሞ ለማንም አትናገርም። ናሙና ሆኖ የወጣ ፍሬ ጥፋት የለበትም ባይ ናት። የምትናገረው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ከዚህ ያህል ልጅ ይህን ያህሉ አነበበ፣ አለቀ።

ቁጥሩ አያምርም ነበር። ያን ጊዜ ለዳይሬክተሩ ሁለት ነገር ጠየቀችው፤ መጻሕፍቱ ከዕቃ ቤት ይውጡ፣ ልጆቹም ጠዋት ጠዋት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሁለት እየሆኑ ሩብ ሰዓት አንዳቸው ለሌላው ያንብቡ። ዕቃ ቤቱ ተከፈተ። በአንድ ወር ውስጥ የመጻሕፍቱ ጠርዝ ተጣጠፈ፣ ሽፋናቸው ላይ የቆጮ ፍርፋሪና የዘይት ጣት አረፈ። አይቼ አንጀቴ አረረ። ይባስ ብሎ ወላጆች ከቸርች ሲመለሱ ደጃፏ ላይ ይቆሙ ጀመር። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ስንት ዲግሪ ያለው ሰው፣ ሱቄ ፊት ለፊት ባጃጅ አቁሞ ሲወርድ ለሱሪ ልኬት መስሎኝ ሜትሬን አነሳሁ። ለካ የእሷን ቤት ሊጠይቀኝ ነው! «ልጄን የትኛው ትምህርት ቤት እንደማስገባ ላማክራት ነበር» አለኝ። ቤቷን በጣቴ ጠቆምኩት። ያቺ ጣቴ እስከ ማታ አመመችኝ።

ባለቤቴ ታሾፍብኛለች። «ጣውንት የመጣባት ሴት መሰልክ እኮ» አለችኝ አንድ ቀን። ሳህኔን ገፍቼ ተነሳሁ። ምን ልበላት? ጣውንት እንኳ አንድ ቤት ነው የምትጋራው፤ ይህችኛዋ ሰፈሩን ሙሉ ነው የወሰደችብኝ።

የኅብረቱ ሰብሳቢ በየሁለት ዓመቱ ይመረጣል። ዘንድሮ ምርጫው ሲቃረብ የፀሐይወርቅ ስም ከአፍ አፍ ይዞር ጀመር። እኔም በኮሚቴው ስብሰባ ላይ «እንግዲያው በምርጫው ዕለት ጠዋት ከሦስት ክፍል ሁለት ሁለት ልጅ ታስነብብ፤ እኔ ራሴ ምስክር ሆኜ አብሬያት እሆናለሁ፤ ውጤቱም ለወላጅ ሁሉ ይነገር» አልኩ። ሁሉም በቅንነት የተናገርኩ መሰላቸው። እኔ ግን ዋዜማውን የሦስቱን ክፍል ስም ጠሪ መምህራን አንድ በአንድ አነጋገርኳቸው። ጎበዞቹ መሃል ይቀመጡ አልኳቸው። እሷ ከመሃል ትወስዳለች፤ ስድስቱም እንደ ዝናብ እያወረዱ ያነባሉ፤ ትምህርት ቤቱ ድሮም በእኔ ዘመን ጥሩ እንደነበር ይታያል፤ እሷም ለወራት ስም ስታጠፋ እንደከረመች ይታወቃል። ደግነት የሚባለው የአራተኛ ክፍሉ መምህር ብቻ ትንሽ አንገራገረ። «ለትምህርት ቤታችን ክብር ነው» አልኩት፤ ተስማማ።

ጠዋት ቀድሜ ደርሼ በአራተኛ ክፍል መስኮት አየሁ። ጎበዞቹ መሃል ገብተዋል። የእኔዋ ሩሃማ ግን ፊት፣ መስኮቱ ጥግ፣ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ቦታ ናት። ደግነትን ወደ ውጭ ጠራሁት።

«ሩሃማን ለምን መሃል አላስቀመጥካትም? ደብተሯን አላየህም?»

መሬት መሬት አየ። «አይቻለሁ፣ ጋሽ ዘነበ። እዚያው ትሁን።»

ቂም የያዘብኝ መሰለኝ። ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

ፀሐይወርቅ መጣች። ከአምስተኛና ከስድስተኛ ክፍል ያወጣቻቸውን አራቱን ልጆች አስነበብን፤ ሁለቱ አነበቡ፣ ሁለቱ አቃታቸው፤ ከየት እንዳስነሳቻቸው ግን አላስተዋልኩም፤ ልቤ አራተኛ ክፍል ነበር። እዚያ ስንደርስ በሩ ላይ ቆመች። ቡና የምታይበትን ዓይኗን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አዞረችው። ጎበዞቹን አልፋ ሄደች።

«ከመሃል አይደል እንዴ የምትወስጂው?» አልኳት፤ ድምፄ ቀጠነብኝ።

«ከመሃል እንደምወስድ ካወቁ መሃሉን ያሳምሩታል፣ ጋሽ ዘነበ። መጋዘን ውስጥ ስንቴ ደርሶብኛል። ዛሬ ከጥግ ነው።»

ከኋላ ጥግ ለሚ የሚባል የአንድ ወዛደር ልጅ አስነሳች። ከፊት ጥግ ሩሃማን።

ዛፉ ሥር ወጣን። ለሚ ራቅ ብሎ ቆመ። ፀሐይወርቅ የአማርኛውን መጽሐፍ መሃል ላይ ከፍታ ሥዕሉን በመዳፏ ሸፈነችው። ልጄ መጽሐፉን ተቀብላ፣ ጣቷን ከመስመር መስመር እያስኬደች፣ ድምፅዋን ሳትሰብር «ሁለት ወንድማማቾች በአንድ መንደር ይኖሩ ነበር» ብላ ጀመረች። እያንዳንዱን ቃል ጥርት አድርጋ ተናገረችው። ደረቴ ሲነፋ ይሰማኛል። ከዚያ በእሷ ትከሻ ላይ ገጹን አየሁት። ገጹ ላይ ወንድም የለም። የሚያወራው ስለ ንብ ነው።

ስለ ወንድማማቾቹ የሚተርከው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ያለው ምንባብ ነው። ጓደኛዋ ጠዋት ጠዋት ሲያነብላት በጆሮዋ ሸምድዳዋለች። አራት ዓመት ሙሉ ፊደል ስትስል ኖራለች እንጂ አላነበበችም። ጣቷ ደግሞ ከመስመሩ አልወጣችም።

ቀጥሎ ለሚ መጣ። «ን… ንቦች… ከቀፎ… ወጥተው…» እያለ፣ ላቡ እየወረደ፣ እንደ አሮጌ መኪና እየተንተባተበ ገጹን ጨረሰው። አንድም አልሳተም።

ፀሐይወርቅ ወደ እኔ ዞረች። «ሁለቱ ተለያዩ። እኔ ማንበብ የለም። የማናቸው ነው ልክ?»

ሩሃማ ቀና ብላ አየችኝ። በአንድ ቃል እውነቱን ብናገር ልጄም እኔም ሰብሳቢነቴም አበቃልን።

«የመጀመሪያዋ» አልኩ።

ለሚ ዓይኑን ከእኔ ወደ መጽሐፉ፣ ከመጽሐፉ ወደ እኔ መለሰ። ከንፈሩ ያንኑ ቃል ደግሞ ሲሞክረው አየሁ። በትክክል ያነበበውን ልጅ ማንበቡን አጠራጠርኩት። በሕይወቴ ብዙ ነገር ተሳስቻለሁ፤ እንደዚያች ቃል ያፈርኩባት ግን የለችም።

ፀሐይወርቅ መዳፏን ከሥዕሉ ላይ ቀስ ብላ አነሳች። ቀፎና ንቦች። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የለሚን ራስ ዳበሰችና «ንብ ነው፣ ጎበዝ፣ አንብበሃል» አለችው። የሩሃማንም ራስ ዳበሰች። እኔን አላየችኝም። መጽሐፉን አጥፋ ወደ አዳራሹ ሄደች።

አዳራሹ ሞልቶ ወላጅ ኮሪደር ላይ ቆሟል። ፀሐይወርቅ ተነሳች። «ስድስት ልጅ አስነበብን። ሦስቱ አነበበ። ሦስቱ ገና ነች። መጽሐፉ ከወጣ ወሩ ነው፤ ጊዜ ስጡት። ወላጅ ደግሞ ማታ ማታ ልጁን ያስነብብ፤ ማንበብ ባይችልም ቁጭ ብሎ ይስማ» አለች። አንዱ ከኋላ ጮኸ፤ «ያላነበቡት የማን ልጆች ናቸው?»

«ስም የለም።»

«ሰብሳቢው ምስክር ነበር፤ እሱ ይናገር!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እሷም ዞረች። ዓይኗ ውስጥ ዛቻ ፈልጌ አጣሁ። ቢኖር በቀለለኝ ነበር። ተነስቼ «የተናገረችው ልክ ነው፤ ሦስት ነው ያነበበው» አልኩና ቁጭ አልኩ። ምርጫ ሆነ፤ ለፀሐይወርቅ እጅ ሲወጣ መቁጠር አላስፈለገም። እኔስ እጄን አወጣሁ? አላወጣሁም። ምሕረቷ ከስድብ በላይ አመመኝ፤ ሰው የሚቀናበትን ሰው ቸርነት ሲቀበል እንዴት እንደሚያቃጥል የደረሰበት ያውቀዋል።

ለሚን በማግስቱ በር ላይ ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ምንም አይደል፣ ጋሼ» አለና ሮጠ። መምህር ደግነትንም ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅሁት። «ሁለቴ ላስጠራዎት ላክሁ፤ ሁለቴም ስለ በሩ ቀለም አውርተውልኝ ሄዱ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ከዚያ ሱቁን ቀደም ብዬ እየዘጋሁ ሩሃማን ማስነበብ ጀመርኩ። እኔም እንደዚያች ሴት ሥዕሉን በመዳፌ እሸፍናለሁ። ልጄ ግን አጠገቤ ስትቀመጥ ትከሻዋ ይሰበሰባል። ስትሳሳት ትዕግሥቴ ያልቃል፤ «አይደለም! ደግመሽ እዪው!» እላለሁ፤ ታለቅሳለች፤ እናቷ ትቆጣኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሳይነግሯት ፊቷን ታጥባ ወደ ፀሐይወርቅ ደጃፍ ትሄዳለች። አልከለከልኳትም። እየሄደች መሆኑን ያላየሁ እመስላለሁ።

ከሁለት ወር ተኩል በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የተሰፋ ልብስ ላደርስ በፀሐይወርቅ ቤት በኩል ሳልፍ ከአጥሩ ወዲያ የሩሃማን ድምፅ ሰማሁ። «ንቦች ከቀፎ ወጥተው ወደ አበባ ይሄዳሉ።» ቆምኩ። ቃል በቃል፣ ቀስ እያለች፣ አንዳንዴም እየተመለሰች፣ ገጹን እስከ መጨረሻው ወሰደችው። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ፀሐይወርቅ ሥዕሉን ሸፍና፣ አፏን ከፍታ፣ በሕይወቷ ስለ ንብ ሰምታ የማታውቅ ይመስል ትሰማለች። «ከዚያስ? ከዚያስ ምን ትላለች?» ትላታለች። ልጄ ትስቃለች።

ልብሱን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ። ሩሃማ ስትመጣ በሩ ላይ አገኘኋት።

«ያን ገጽ አነበብሽው አይደል?»

«አዎ፣ አባዬ! እስከ መጨረሻው!»

«ታዲያ መጀመሪያ ለእኔ ለምን አላነበብሽልኝም?»

የምትደብቀው ነገር አልነበራትም።

«አንተ እኮ ገጹ ምን እንደሚል ታውቀዋለህ፣ አባዬ። እሷ ግን እኔ ካልነገርኳት አታውቅም።»

እንደዚያ ቀን ቀንቼ አላውቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ እጇን ይዤ እስከ ፀሐይወርቅ ደጃፍ ራሴ አደረስኳት።